የጎልፍ ፓተር እጀታ ላይ ክብደት መጨመር፦ ለማን ይጠቅማል? እንዴትስ ይገጠማል?

ጎልፍ በእስራኤል ብዙ ሰው የሚጫወተው ስፖርት አይደለም። ቢሆንም ከክርያት አታ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቂሳርያ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተ ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ አለ። ሜዳው እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካዊው የሜዳ ነዳፊ በፒት ዳይ እንደገና ተሠርቷል። በአገር ቤትም አዲስ አበባ ውስጥ የጎልፍ ክለብ አለ። ሩጫና ግፊያ የሌለበት፣ በዝግታ እየተራመዱ የሚጫወቱት ስለሆነ በብዙ አገር ጡረተኞች ይወዱታል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከጎልፍ ዱላዎች አንዱን፣ ፓተር የሚባለውን ነው። በተለይም በዱላው የላይኛ ጫፍ፣ ከእጅ በላይ በሚቀረው በኩል፣ ክብደት መጨመርን ያብራራል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረባቸው ብዙ አረጋውያን ጨዋታውን ሳይተዉ የቀጠሉት በዚህ ዘዴ እየታገዙ ነው።

ፓተር ምንድን ነው?

በገጠር ያደገ ሰው የገና ጨዋታን ያስታውሳል፦ ጫፉ የታጠፈ ዱላ፣ ክብ ሩር፣ ሰፊ ሜዳ። ጎልፍም ዱላና ኳስ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ ለብቻው እየመታ ወደ ጉድጓድ ያስገባል እንጂ ከሌላው አይነጥቅም። አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። አንዳንዱ ዱላ ኳስን ወደ ሩቅ ለመላክ ነው፤ አንዳንዱ ከአሸዋ ለማውጣት ነው። ፓተር ግን ኳሱ ወደ ጉድጓዱ ከተጠጋ በኋላ፣ አጥሮ በታጨደው ሣር ላይ ቀስ አድርጎ ለማንከባለል የተሠራ ነው።

የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው። የኳሱ ክብደት ከ45.93 ግራም መብለጥ የለበትም። ይህችን ቀላል ኳስ ወደዚያች ጠባብ ጉድጓድ ለመስደድ ጉልበት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የረጋ እጅ ነው። በተለመደው ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ጥሩ ተጫዋች ይጨርስበታል ተብሎ የሚቀመጠው ቁጥር ብዙ ጊዜ 72 ምት ሲሆን፣ በዚህ ስሌት ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት የፓተር ምት ይታሰባል። ይኸውም 36 ምት፣ የጨዋታው እኩሌታ ማለት ነው። እጁ በፓተር ላይ የከዳው ሰው የጨዋታውን ግማሽ አጣ ማለት ይቻላል።

የሚከዳ እጅ

ጎልፈኞች «ዪፕስ» የሚሉት ችግር አለ። ተጫዋቹ ከአንድ ሜትር ርቀት ኳሷን ሊነካ ሲል፣ ሳያስበው አንጓው ይወረወራል ወይም ይንቀጠቀጣል። ሐኪሞች ምክንያቱን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የነርቭና የጡንቻ ችግር ነው፤ ያንኑ እንቅስቃሴ ለብዙ ዓመታት በደጋገመ እጅ ላይ ይታያል። ሁለተኛው ከጭንቀት የሚመጣ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ተደርበው ሊገኙም ይችላሉ።

ከታወቁት መካከል ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1993 ማስተርስ የተባለውን ትልቅ ውድድር ያሸነፈ ሰው ሲሆን፣ በሕይወቱ ከአንድ ጊዜ በላይ በዚህ ችግር ተይዞ አያያዙንና ዱላውን እየቀያየረ ወጥቶበታል። ሌላው ጥቁር አሜሪካዊው ቻርሊ ኦወንስ ነው። በወጣትነቱ በአሜሪካ ጦር በፓራሹት ዘላይነት አገልግሎ እግሩ የተጎዳ ሲሆን፣ ኋላም እጁ በፓተር ላይ አስቸገረው። እስከ ደረቱ የሚደርስ ረጅም ፓተር ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ተጫዋቾች ውድድር ሁለት ጊዜ አሸንፏል።

የረጅሙ ፓተር ምስጢር የላይኛውን ጫፍ ደረት ወይም ሆድ ላይ ማስደገፍ ነበር። ዱላው እንደ ሰዓት ጴንዱለም ይወዛወዛል፤ አንጓ ብዙ ሥራ አይኖረውም። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ትልልቅ ውድድሮችን እንዲህ ባለ ዱላ ያሸነፉ ተጫዋቾች ሲበዙ ክርክር ተነሣ። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጡት ሁለቱ ድርጅቶች፣ የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበርና በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ የሚገኘው አር ኤንድ ኤ፣ ዱላን ሰውነት ላይ አስደግፎ መምታትን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ከለከሉ። ረጅም ዱላ መያዝ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ማስደገፉ ነው።

ክልከላው የከበደው ከወጣቶች ይልቅ በዕድሜ ለገፉት ነበር። ያን ጊዜ ነው በእጀታው ጫፍ ክብደት የተጨመረበት ፓተር በብዛት ወደ ገበያ የወጣው። ይህኛው ሰውነትን አይነካም፤ ስለዚህ ከሕጉ ጋር አይጋጭም።

ክብደቱ ምን ይሠራል?

እንጨት የፈለጠ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። መጥረቢያን ከመያዣው መጨረሻ ይዘው ቢያወዛውዙት ራሱ ይስባል፤ ወደ ብረቱ ተጠግተው ቢይዙት ግን ይታዘዛል። የዱላው ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው በእጅና በሚዛኑ መካከል ያለው ርቀት ነው።

በፓተር ላይ እጅን ወደ ታች ማውረድ ጎንበስ ያሰኛል፤ ለወገብም አይመችም። ስለዚህ እጅ ወደ ሚዛኑ ከሚሄድ ይልቅ ሚዛኑ ወደ እጅ እንዲመጣ ይደረጋል። በላይኛው ጫፍ የሚጨመረው ክብደት የሚሠራው ይህንን ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። ርዝመቱ 85 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓተር አለ እንበል። ራሱ 350 ግራም፣ ዘንጉ 120 ግራም፣ የእጀታው ጎማ 70 ግራም ቢሆን፣ በድምሩ 540 ግራም ይመዝናል። ይህ ዱላ በአንድ ጣት ላይ ተጋድሞ የሚረጋው ከላይኛው ጫፍ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በላይኛው ጫፍ 50 ግራም ቢጨመር የሚረጋበት ቦታ ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ማለትም ሚዛኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ እጅ ቀረበ። 100 ግራም ቢጨመር ደግሞ 56 ሴንቲ ሜትር ላይ ይረጋል።

ሁለተኛም ጥቅም አለ። ክብደቱ በሁለቱ ጫፎች ሲከፈል ዱላው በቀላሉ አይጠማዘዝም። ገመድ ላይ የሚራመድ ሰው ረጅም ዘንግ በአግድም የሚይዘው ስለዚሁ ነው፦ ሁለት ጫፉ የከበደ ነገር በትንሽ ግፊት አይዞርም። ከላይ ባለው ምሳሌ 50 ግራም ብቻ ሲጨመር፣ ዱላው በሚዛኑ ዙሪያ መዞርን የሚቃወምበት መጠን ወደ 40 በመቶ ይጨምራል። የእጅ ንቅጥቅጥ አጭርና ፈጣን እንቅስቃሴ ነው፤ ለመዞር የዘገየ ዱላ ከዚያ ንቅጥቅጥ የተወሰነውን ሳይቀበለው ያልፋል።

ነገር ግን ክብደት መድኃኒት አይደለም። ንቅጥቅጡን አያጠፋውም፤ ዱላው ላይ የሚያደርሰውን ብቻ ይቀንሳል።

ለማን ይስማማል? ለማንስ አይስማማም?

የሚስማማው፦ አጭር ርቀት ላይ አንጓው ለሚወረወርበት፣ ዱላውን ወደ ኋላ ሲስብ መስመሩን ለሚስት፣ ወይም ኳሷን ሲመታ ለሚጣደፍ ሰው ነው።

የማይስማማው፦ ትከሻው ወይም አንጓው ቶሎ ለሚደክም ሰው ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱ ስለሚጨምር። የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰውም ከክብደት ይልቅ ወፍራም የእጀታ ጎማ ይጠቅመዋል፤ ጣት አጥብቆ መጨበጥ ሳያስፈልገው ይይዝለታልና። ከሩቅ በመምታት የታወቀ፣ የርቀት ስሜቱ ጥሩ የሆነ ተጫዋችም ሊጎዳበት ይችላል። የላይኛው ጫፍ ሲከብድ የታችኛው ራስ ለእጅ የቀለለ ይመስላል፤ ራሱ የት እንዳለ ካልተሰማ ደግሞ የምቱን ኃይል መመጠን ያስቸግራል። የዱላ ሠሪዎች የላይኛውን ክብደት ሲጨምሩ የታችኛውን ራስም የሚያከብዱት፣ ዘንጉንም እስከ 96 ሴንቲ ሜትር የሚያስረዝሙት ስለዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት በሳንቲም መሞከር

ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚደረግ ቀላል ሙከራ አለ። የእስራኤል ባለ 10 ሼኬል ሳንቲም 7 ግራም ይመዝናል። ሰባቱ ተደራርበው 49 ግራም ይሆናሉ፤ ቁመታቸውም አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በላይኛው ጫፍ ላይ በፕላስተር አጥብቆ ማሰር ይበቃል። ሦስት ሳንቲም 21 ግራም፣ አምስት ሳንቲም 35 ግራም ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት አሥር ኳስ፣ ከዘጠኝ ሜትር ርቀት ደግሞ አሥር ኳስ ያለ ሳንቲም ይመታል። ከአጭሩ ስንት እንደገባ፣ ከረጅሙ ደግሞ ስንቱ ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ውስጥ እንደቆመ ይጻፋል። ከዚያ በሦስት ሳንቲም፣ ቀጥሎም በሰባት ሳንቲም ይደገማል። በአንድ ቀን ውጤት አይፈረድም፤ በተለያዩ ሦስት ቀናት መድገም ያስፈልጋል። አጭሩ ተሻሽሎ ረጅሙ ካልተበላሸ ክብደቱ ይስማማል። አጭሩ ተሻሽሎ ረጅሙ ከተበላሸ ክብደቱን መቀነስ ይገባል። ሁለቱም ካልተለወጡ ችግሩ ከሚዛን አይደለምና ገንዘቡን ማውጣት አያስፈልግም።

በፕላስተር የታሰረ ሳንቲም ለልምምድ እንጂ ለውድድር አይሆንም።

አገጣጠሙ

ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያውና ቀላሉ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው የእጀታ ጎማ መግዛት ነው። ክብደቱ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ ይገባል፤ በአለን ቁልፍ ይጠብቃል። ሌላ መጠን ሲፈለግ ፈትቶ መቀየር ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ያለውን ጎማ ሳያወልቁ ወደ ዘንጉ ውስጥ የሚገባ ክብደት ነው። በጎማው ጫፍ መካከል ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ክብደቱ እስኪያልፍ ድረስ በካተር በጥንቃቄ ይሰፋል። ክብደቱ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ከዚያም በቁልፍ ሲጠበቅ በዙሪያው ያለው ጎማ ያብጥና የዘንጉን ግድግዳ ይይዛል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። የዘንጉ የውስጥ ስፋት አስቀድሞ ካልተለካ ክብደቱ ላይገባ ወይም ሊላላ ይችላል። ዘንጉ የብረት ሳይሆን የካርቦን ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ሊሰነጥቀው ስለሚችል በልክ ብቻ ይጠበቅ።

ሦስተኛው ጎማውን አውልቆ መሥራት ነው፦

1. ፓተሩ እንዳይፋቅ በጎማ ወይም በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ በሞርሳ ይታሰራል። ሞርሳውን ከመጠን በላይ ማጥበቅ ዘንጉን ይጨፈልቃል።

2. አሮጌው ጎማ ከታች ወደ ላይ በካተር ይቀደዳል። ስለቱ ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ ይሄዳል።

3. የቀረው ማጣበቂያ በቲነር ይጸዳል። መስኮት ይከፈታል፤ እሳትና ሲጋራ አይቀርብም።

4. ክብደቱ በዘንጉ አፍ ውስጥ ይገባል። በቁልፍ የሚያብጥ ዓይነት ካልሆነ በኤፖክሲ ይጣበቃል፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሰዓት እስኪያልፍ ሳይነካ ይቀመጣል። በኤፖክሲ የተጣበቀውን ማውጣት ከባድ ስለሆነ፣ ልኩን በሳንቲም ሳያረጋግጡ ማጣበቅ አይመከርም።

5. ሁለት ገጽ የሚያጣብቅ ፕላስተር በዘንጉ ላይ ይጠቀለላል። ፕላስተሩና የጎማው ውስጥ ለዚሁ በተሠራ ፈሳሽ ይረጥባል፤ ጎማውም በአንድ ትንፋሽ ይገፋል። ሳይደርቅ የጎማው ጠፍጣፋ ገጽ ከፓተሩ ፊት ጋር ቀጥ ማለቱ ይታያል፤ ጠማማ ጎማ እጅን ያጣምማል።

6. ሲደርቅ ዱላው ጆሮ አጠገብ ይወዘወዛል። የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ክብደቱ አልያዘም ማለት ነው።

ከእርሳስ የተሠራ ተለጣፊ የሚጠቀሙም አሉ። እርሳስ መርዛማ ብረት ነው። ከተነካ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ቁርጥራጩ የልጅ ልጆች እጅ እንዳይገባ ይሰበሰባል። ክብደቱ ተመሳሳይ ከሆነ ከሌላ ብረት የተሠራው ይሻላል።

ሚዛኑ ሲዋሽ

የዱላ ሠራተኞች «ስዊንግ ዌይት» የሚባል መለኪያ አላቸው። አሜሪካዊው ሮበርት አዳምስ በ1920ዎቹ ያወጣው ሲሆን፣ ዱላው ከላይኛው ጫፍ 35.6 ሴንቲ ሜትር ላይ ተደግፎ ወደ ራሱ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ያሳያል። ውጤቱ በፊደልና በቁጥር ይነገራል።

ይህ መለኪያ እጀታው ላይ ክብደት የተጨመረበትን ፓተር በትክክል አይገልጸውም። ከላይ ባለው ምሳሌ 50 ግራም ሲጨመር መለኪያው ከ10 ነጥብ በላይ ይወርዳል፤ ለሚያነበው ሰው ዱላው የቀለለ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ዱላው ከ540 ወደ 590 ግራም ከብዷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዱላ የሚያሠራ ሰው ሦስት ቁጥር ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ጠቅላላ ክብደቱ ስንት ነው? ራሱ ስንት ግራም ነው? በጣት ላይ የሚረጋው ከላይኛው ጫፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው? ሦስቱንም የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሜትርና አንድ ጣት ይመልሷቸዋል፤ የራሱን ክብደት ሻጩም ያውቀዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በጨዋታ ሕግ መሠረት በዘንጉ ውስጥ ወይም በእጀታው ጫፍ በደንብ የታሰረ ክብደት ይፈቀዳል። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን መጨመርም መቀነስም አይቻልም። ጠዋት በ50 ግራም የጀመረ በ50 ግራም ይጨርሳል። የዱላው ጫፍም ሆነ የሚይዘው እጅ ደረትና ሆድ ላይ መደገፍ የለበትም። ርዝመትን በተመለከተ ሌሎች ዱላዎች ከ48 ኢንች፣ ማለትም ከ122 ሴንቲ ሜትር ገደማ መብለጥ ሲከለከልባቸው፣ ፓተር ከዚህ ገደብ ነፃ ነው።

ከሜዳ ውጭ

ይኸው የክብደት ዘዴ በጎልፍ ብቻ አልቀረም። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች እጀታቸው የከበደ ማንኪያ፣ ሹካና እስክሪብቶ ይሠራል። አንዳንዱን ሰው ሾርባውን ሳያፈስ እንዲጠጣ ይረዳዋል፤ አንዳንዱን ግን ቶሎ ያደክመዋል። የትኛው እንደሚስማማ የሚመክሩት በቁፓት ሆሊም በኩል የሚገኙት የ«ሪፑይ በዒሱክ» ባለሙያዎች ናቸው። ሳይገዙ በፊት እነርሱ ጋር መሞከር ይቻላል።

ከዘራ ግን ሌላ ነው። ከዘራ በእያንዳንዱ እርምጃ ይነሣል፤ ክብደት ቢጨመርበት ክንድን ያደክማል፤ የደከመ ክንድ ደግሞ መውደቅን ያመጣል። ለከዘራ የሚያስፈልገው ልክ የሆነ ርዝመትና ያልተበላ የጫፍ ጎማ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው ክንድ ሲወርድ የከዘራው እጀታ ከእጅ አንጓ መስመር ጋር እኩል መሆን አለበት። አሮጌ ፓተርንም እንደ ከዘራ መጠቀም አደገኛ ነው፤ ራሱ ለስላሳ ብረት ስለሆነ በንጣፍ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል።

አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ሜዳ ላይ ብቻ፣ ኳስ ሲመቱ ብቻ የሚመጣ ንቅጥቅጥ ብዙ ጊዜ የጨዋታ ጉዳይ ነው። ቡና ሲቀዱ፣ ቁልፍ ሲያስገቡ ወይም እጅ ጭን ላይ ዐርፎ ሳለ የሚታይ ንቅጥቅጥ ግን ለቤተሰብ ሐኪም ሊነገር ይገባል። «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈው ንቅጥቅጥ አንዳንድ ጊዜ የሚታከም ነገር ነው፤ ከሚወሰድ መድኃኒት የመጣም ሊሆን ይችላል። በድንገት የጀመረ፣ ወይም ከአንድ ጎን ድካም፣ ከንግግር መንተባተብ ወይም ከአፍ መጣመም ጋር የመጣ ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ 101 ደውሎ የማዳ አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል።